ክር ይዞ ገደል የተሻገረው ሞተር

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ጎንደር ያለው መሥሪያ ቤታችን በደንብ ነው የሸኘኝ፤ ጋቢ ለበስኩ፣ ኬክ ቆረስኩ፣ አለቆቼም ከሚገባኝ በላይ አመሰገኑኝ። ከሁሉ የነካኝ ግን ከግብዣው በፊት ግቢው ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ወጣት ቀያሽ ከሻንጣው ሸረሪት የሚመስል ነገር አውጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ ስልኩን ነካ ሲያደርግ ነገሩ እንደ ንብ እያዜመ ብድግ አለ።

«ድሮን ነው፣ እማማ ውባለም» አለኝ።

«ሮዳጁን ማን አስጨረሰልህ?»

«ምን?»

«ሞተሩን ማን አለማመደልህ ነው የምልህ። አዲስ ሞተር ሳይለማመድ እንዲህ ሽቅብ ይለቀቃል?»

ልጁ ሳቀ። «በባትሪ የሚሠራ እኮ ነው፤ ከካርቶኑ ማውጣት ብቻ ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ኬኩ እስኪመጣ ድረስ አጠገቤ አስቀምጬ ስለ አንዲት ትንሽ ሞተር ሳወራለት ቆየሁ። ሌሎቹም መጥተው ከበቡን። «ይሄንማ ጻፊው» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

የተወለድኩት ዳባት፣ አባቴ ይሠራበት ከነበረው ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ልጅ ሳለሁ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የሞተሩ ጩኸት ሳይሆን ዝም ማለቱ ነበር። በደርግ ጊዜ ሴቶችም በሁሉም ሙያ ይግቡ ሲባል ጎንደር ሄጄ መካኒክነት ተማርኩና መልሰው እዚያው ዳባት፣ የገበሬ ማኅበራትን የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ጋራዥ መደቡኝ። የጋራዡ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሴት ልጅ ጥቁር ዘይት ስትነካ ማየት ግን ያስጨንቃቸዋል። «ልጄ፣ እጅሽ ይበላሻል» እያሉ ፒንሳውን ከእጄ ይወስዱብኛል። አንድ ቀን እሳቸው ለቅሶ ሄደው ብቻዬን አንድ የፓምፕ ሞተር ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ገጥሜ አስነሣሁት። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ሰሙት። ገብተው የራሳቸውን ካቻቪቴ አመጡና ሰጡኝ። የመጀመሪያ ደመወዜ ምን ላይ እንደዋለ አላስታውስም፤ ያ ካቻቪቴ ግን ዛሬም ቤቴ አለ።

ከዳባት ወደ ደባርቅ የገጠር መንገድ ወርክሾፕ ተዛወርኩ። ሃምሳ አለቃ ቢራራን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ጢማቸው ሁልጊዜ የተላጨ፣ ቱታቸው ከመታጠብ ብዛት የነጣ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአየር ኃይል ነው። ሥራቸው ሰው የማይጫንባቸውን፣ ከመሬት በሬዲዮ የሚታዘዙትን፣ መድፈኞች ለልምምድ የሚተኩሱባቸውን አነስተኛ አውሮፕላኖች ሞተር ማዘጋጀት ነበር። «አሳምሬ አስተካክዬ እለቀዋለሁ፤ እነሱ ደግሞ ይተኩሱበታል» ይሉ ነበር። «ዒላማ የሚስቱ ልጆች ሲመጡ ነበር ደስ የሚለኝ።»

ሃምሳ አለቃ ሲያስተምሩ አይናገሩም፤ ይጠይቃሉ። ሞተር ሲነሣ ጎን ለጎን ቆመን «ምን ሰማሽ?» ይሉኛል። «ደህና ነው» ካልኩ ያጠፉታል። «ደህና ነው የሚባል ድምፅ የለም፤ ምን ሰማሽ?» አንድ ነገር እስክሰማ ድረስ ያስነሡታል፣ ያጠፉታል። መጀመሪያ ሰሞን እንባ ሁሉ መጥቶብኛል። በኋላ ግን ጎረቤቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን ስትረግጥ እንኳ የትኛው ብሎን እንደላላ ይሰማኝ ጀመር።

አለቃችን ኢንጂነር ሰሎሞን ወጣት ነው፤ አሥር ሰው የሚሠራውን ብቻውን ሊሠራ የሚፈልግ ዓይነት። በዚያ ዓመት ሌት ተቀን የሚያሳስበው አንድ ገደል ነበር። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው አቅጣጫ አንድ ደብር በሸለቆ ለሁለት ተከፍሏል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ የምእመኑ እኩሌታ ወዲህ። በበጋ ወርዶ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ማንም አይሻገርም። ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ይከርማል፤ ሬሳ እዚህ ቀርቶ ካህኑ ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ይፈቱታል። ወንዙን እሻገራለሁ ብሎ የተወሰደውም ብዙ ነው። ሰሎሞን ከዳር እስከ ዳር የብረት ገመድ ዘርግቶ ሰው የሚቀመጥበት ሣጥን ሊያንጠለጥልበት አሰበ። ገመዱ መጥቶ መጋዘን ተቀምጧል። የቸገረው የመጀመሪያው ክር ነው። አንድ ቀጭን ክር ከዳር ዳር ከደረሰ በእሱ ሲባጎ ይሳባል፣ በሲባጎው ጠፍር፣ በጠፍሩ የብረት ገመዱ።

ክሩን ይዘን ወርደን በማዶ በኩል ለመውጣት ሞከርን፤ በየእርከኑ ቁጥቋጦና ቋጥኝ እየያዘው ተበጣጠሰ። የአገሩን ወንጫፊዎች ሰብስበን ድንጋይ ላይ ክር አስረን አስወነጨፍን፤ ገደሉ እኩል ላይ እንኳ ሳይደርስ ወደ ታች ይጠልቃል። ውርርድ ተይዞ ስለነበር ወንጫፊዎቹ እስኪመሽ አላቆሙም።

ያኔ ነው ሰሎሞን መጋዘን ውስጥ ያለውን ሣጥን ያስታወሰው። ቀደም ሲል ተራራውን ከላይ ፎቶ ሊያነሡ የመጡ የውጭ ቀያሾች ነበሩ፤ እሱ አብሯቸው ሠርቷል፣ ማብረርም አስተምረውታል። ሲሄዱ ዕቃቸውን ትተው ነበር። ክንፉ አልጋ የሚያህል አውሮፕላን፣ ሁለት ዘንግ ያለው የሬዲዮ መዘወሪያ፣ ጡጫ የሚያክሉ ሁለት ሞተሮች። አንዱ ሞተር የተሠራበት ነው፤ ሌላው ከነወረቀቱ አዲስ ነው።

ሃምሳ አለቃ ሣጥኑ ሲከፈት ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ሜታኖልና የጉሎ ዘይት፤ የድሮ ነዳጄ» አሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

በዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚባል ነገር ያለ ፈቃድ አይነካም። የጸጥታው ሰው መጥቶ መዘወሪያውን ገለባብጦ አየ።

«ይሄ ነገር ይናገራል?» አለ።

«አይናገርም ጓድ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ይታዘዛል እንጂ።»

ሰውየው ትንሽ አሰበና «እንዲህ ያለውን ነው እኛም የምንፈልገው» ብሎ ፈረመልን። እሱ ከወጣ በኋላ ሰሎሞን ከሳቁ የተነሣ ወንበር ያዘ።

የመጀመሪያው ሙከራ በመጋቢት ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችውን ሜዳ ደለደልናት። የዓሣ ማጥመጃውን ናይለን ክር እንዳይተበተብ መሬት ላይ እያጣጠፍን ዘረጋነው። ማዶ መምሬ አድማሱ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከተማሪዎቻቸውና ከምእመናቸው ጋር ይጠብቃሉ። የተሠራበትን ሞተር ገጠምን። የእኛ አገር አየር ስስ ነው፤ ሰው እንደሚያለከልክ ሞተርም ያለከልካል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሃምሳ አለቃ ያንን ለማካካስ የካርቡራተሩን መርፌ ጠበቅ አድርገው ነዳጁን አሳነሱት። ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ እንደ መለከት ጠራ። ሁላችንም ደስ አለን።

ተነሣ። አውሮፕላኑ በሰሎሞን እጅ እየታዘዘ የወዲህኛውን አፋፍ አልፎ ወጣ፤ ክሩም ከመሬት እየተዘረገፈ ተከተለው። ማዶ እልልታ ተሰማ። ክሩ ሲረዝም ግን ክብደቱ ጅራቱን ወደ ኋላ ጎተተው፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና አለ። ያን ጊዜ ድምፁ ቀጠነ። ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ሃምሳ አለቃን አየኋቸው፤ እሳቸው ከእኔ ቀድመው ሰምተውታል። አውሮፕላኑ ዞር ብሎ እንደ ቅጠል እየተንሳፈፈ ገደሉ ውስጥ ገባ። ማዶ እልልታው ተቋረጠ። ከታች የመጣውን ቀጭን የስብራት ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

ሃምሳ አለቃ ቆባቸውን አወለቁ።

«ኢንጂነር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ለመሬት አስተካከልኩት እንጂ ለሰማይ አላስተካከልኩትም። አፍንጫው ቀና ሲል ነዳጅ እንደሚያጥረው አውቃለሁ። ጉልበት አማረኝና ረሳሁት።»

ሰሎሞን ክፉ ቃል አልወጣውም። ተቀምጦ የተረፈውን ክር መጠቅለል ጀመረ። እኔም ተቀምጬ አገዝኩት።

ያ ሳምንት ከባድ ነበር። ከበላይ የብረት ገመዱ ለሌላ ወረዳ ይሰጥ የሚል ወሬ መጣ። ሰሎሞን እየተመላለሰ ለምኖ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ጊዜ አገኘ። ግን በምን? አውሮፕላን የለንም።

አውሮፕላኑ በወደቀ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሆናል፣ ወርክሾፑ በር ላይ የሰው ጋጋታ ሰማን። መምሬ አድማሱ ከፊት፣ አራት ገበሬዎች ከኋላ ቃሬዛ ተሸክመው ይመጣሉ። ሰው የቆሰለ መስሎኝ ሮጥኩ። ቃሬዛው ላይ ነጠላ ተከናንቦ የተኛው አውሮፕላናችን ነው። ገደል ወርደው ስብርባሪውን አንድ ሳይቀር ለቅመውታል።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» ብዬ ተጎነበስኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። አይዞሽ ልጄ» አሉኝ መምሬ። «ጎኑ ተሰብሯል እንጂ ነፍሱ አልወጣችም።»

እውነታቸውን ነው። ሬዲዮ ተቀባዩ ሣጥን ውስጥ በስፖንጅ ተጠቅልሎ ስለነበር ደህና ነው። ክንፉ ግን አልቋል። ሞተሩንም ፈታነው፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ቀርቷል። ሰሎሞን ክንፉን ከምን እንሥራው ብሎ ሲጨነቅ ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ከጅብራ ነዋ» አለ። ደጋችን ላይ የሚበቅለውን የጅብራ ግንድ ደርቆ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰው የሚያህል ቁመት ኖሮት በአንድ እጅ ይነሣል። ሰሎሞን ቆርጦ መዘነው፣ በጉልበቱ አጎበጠው፣ ከዚያ ሰውየውን አቀፈው። እሱ ክንፉን ያዘ፤ እኔና ሃምሳ አለቃ አዲሱን ሞተር ያዝን።

አዲስ ሞተር ፒስተኑና ሲሊንደሩ ገና አልተዋወቁም። ዓይን የማያየው ሻካራ አለ። ቀስ እያልክ በብዙ ዘይትና በጥቂት ሙቀት እርስ በርስ ካላላመድካቸው ይናከሳሉ። ሮዳጅ የሚባለው ይኸው ነው። የጉሎ ዘይታችን ደግሞ አልቆ ነበር፤ ሜታኖሉ ያለ እሱ አይሠራም። ሃምሳ አለቃ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩኝ። ድሬሰሩ ስንት እንደምፈልግ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ስንት ሰው ነው ሆዱ የደረቀበት?»

«አንድ ሞተር ነው» አልኩት።

«ሞተር ካልሽ እንግዲህ መጠኑን አንቺው ታውቂያለሽ» ብሎ ጠርሙሶቹን ሰጠኝ። ሃምሳ አለቃ ከጭስ ማውጫው ፊት ስቆም «አፍሽን ዝጊ» ይሉኝ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ አንድ ቀን ሳልዘጋ ቀርቼ ነው። ዝርዝሩ ይቅር።

ሞተሩን ግቢው ውስጥ ጉማጅ ግንድ ላይ በብሎን አሰርነው። ከፊቱ የሚሽከረከር የእንጨት ውልብልቢት ገጠምን። የዚህ ዓይነት ሞተር ካንዴላው ውስጥ ፀጉር የምታክል ሽቦ አለች፤ በድንጋይ ባትሪ ታግላታለህ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪውን ብታነሣም በራሱ ሙቀት እንደጋለች ትቀጥላለች። ሃምሳ አለቃ ከቆዳ የሰፉትን የጣት ሽፋን አጥልቀው ውልብልቢቱን መታ አደረጉት። ሞተሩ ጉር ጉር እያለ፣ እያጨሰ፣ ዘይት እየተፋ ተነሣ። ነዳጅ ሆን ብለን አብዝተንበታል፤ ሰክሮ የሚሄድ ሽማግሌ ይመስል ነበር። ጥቂት አስኬዱትና የነዳጁን ቱቦ ቆንጥጠው አጠፉት።

«አሁን ይብረድ» አሉ።

መብረዱን የሚጠብቁት በሰዓት አይደለም። ልጅ ሳሉ ደብር አገልግለዋልና ግንዱ ፊት ቆመው ጸሎታቸውን በግዕዝ በለሆሳስ ይደግማሉ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ የእጃቸውን ጀርባ ሲሊንደሩ ላይ ያሳርፋሉ። በርዷል። በዚያ ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። የወርክሾፑ ካድሬ አንድ ጠዋት መጥቶ ቆመ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ምን እያሉ ነው?»

«ሞተሩን እያቀዘቀዝኩ ነው፣ ጓድ።»

ካድሬው ዞር ዞር ብሎ አየ። «ታዲያ ቶሎ አይጨርሱ፤ በደንብ ይቀዝቅዝ» ብሎ ሄደ። የእሱም እናት ማዶ እንደሆኑ በኋላ ሰማሁ።

ከጭስ ማውጫው ሥር ነጭ ወረቀት እናነጥፋለን። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ዘይት ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ላይ ስታዘነብለው የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን እንደ ሐኪም ያዩታል። ማስነሣት፣ ማጥፋት፣ ማብረድ፤ በየጊዜው መርፌዋን ቀጭ እስክትል አንዲት እርከን፣ አንድ ቀጭታ ብቻ ማጥበቅ። ቀናቱ ሲሄዱ ጥቁሩ ቡናማ ሆነ፣ ቡናማው ማር መሰለ። ድምፁም ተለወጠ፤ ጉርጉርታው መሀል ላይ ብልጭ እያለ ዘፈን ይገባበት ጀመር። ውልብልቢቱን በእጄ ሳዞረው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይለሰልሳል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆፍጠን ብሎ ይገፋኛል። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ብዙ አስነሥቻለሁ። እንደዚያች ጡጫ የምታክል ነገር ያስደሰተኝ የለም።

አንድ ማለዳ ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «መርፌዋን አንቺ አስተካክያት» አሉኝ።

«እርስዎ እያሉ?»

«እኔ ጉልበት ያምረኛል። አንቺ ስሚ።»

አጠበቅኋት፣ ድምፁ እስኪጠራ። የነዳጁን ቱቦ በሁለት ጣቴ ለአፍታ ቆነጠጥኩ፤ ድምፁ ከፍ አለ፣ ስለቀው ተመለሰ። ይሄ ጥሩ ነው፤ የነዳጅ መጠባበቂያ አለው ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩን አዲስ ክንፍ ከተሠራለት አውሮፕላን ላይ ገጥመን አስነሣነውና ሰሎሞን አውሮፕላኑን አቅፎ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ አቆመው። ሞተሩ ቀጠነ። መርፌዋን አንድ ቀጭታ አላላሁ። አሁንም አቁመው አልኩት፤ ቀጠነ። ሌላ ቀጭታ። እንደገና አቆመው፤ አሁን ድምፁ ትንሽ ነቃ ብሎ እዚያው ጸና። መሬት ላይ ሲሆን ግን ወፍራም፣ ጭስ የበዛበት፣ ሰነፍ ነገር ይመስላል።

«ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

«መሬት ላይ ያፍራል፤ ሰማይ ላይ ይደፍራል» አልኳቸው።

«በቃ። እጅሽን አንሺ።»

ገደሉ ጋ የሄድነው ነፋሱ ከሸለቆው ሳይነሣ፣ ማለዳ ነው። የናይለን ክር ለዓይን ስለማይታይ ሰሎሞን ከአሮጌ የሰልፍ ጨርቅ ቀይ ቁራጮች እየቀደደ ጫፉ ላይ አሰረበት። ሞተሩ ተነሣ፤ የጅብራው ክንፍ ተንቀጠቀጠ፣ ሜዳዋ ልታልቅ ስትል ተነሣ። ክሩ መዘርገፍ ጀመረ። አፍንጫው ቀና አለ። ሞተሩ እንደ ታዘዘው ነቃ ብሎ ጸና።

ገደሉ መሀል ላይ ከታች የመጣ ቀዝቃዛ አየር ክሩን እንደ ቀስት አጎበጠው። አውሮፕላኑ አየር ላይ የቆመ መሰለ። ድምፁ ወረደ። መቅጠን ሳይሆን መጨነቅ ነው፤ ልዩነቱን ሰማሁት።

«አልነከሰም! ከብዶት ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«አፍንጫውን ዝቅ አድርግለት ልጄ» አሉ ሃምሳ አለቃ። ከዚያ በፊት ሰሎሞንን «ልጄ» ብለውት አያውቁም።

ሰሎሞን አፍንጫውን ዝቅ አደረገው። አውሮፕላኑ ከእኛ በታች እስኪሆን ወረደ፤ ከላይ ክንፉን ማየት ጀመርን። ከዚያ ፍጥነት አገኘ፣ ሞተሩ ዘፈነ፣ ክሩ ተወጠረ፤ የማዶውን አፋፍ ለጥቂት አልፎ ወጣ። ሰሎሞን መልቀቂያውን ተጫነ። ቀዩ ጨርቅ እየተርገበገበ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለ እርሻ ላይ ወረደ። ተማሪዎቹ፣ ዲያቆናቱ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተሯሩጠው ተረባረቡበት። መምሬ አድማሱ ክሩን ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ያ እልልታ አሁን የሚቆም አልመሰለኝም።

አውሮፕላኑ ሸክሙ ተነሥቶለት ቀለለ። ሰሎሞን ሊያሳርፈው ሲያዞር ሃምሳ አለቃ ክንዱን ያዙት። «ነዳጁ እስኪያልቅ ተወው» አሉ። ተወው። ጥንብ አንሣዎቹ መጥተው አብረውት ዞሩ። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ሽቅብ እያየን ቆምን። ነዳጁ ሲያልቅ ዝም ብሎ ተንሳፍፎ መጥቶ ከእኛ ወዲህ ገብስ ማሳ ውስጥ አረፈ።

ክሩ ሲባጎ ሳበ፤ ሲባጎው ጠፍር፣ ጠፍሩ የብረት ገመድ። ክረምቱ ሲገባ ሣጥኑ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያውን ጉዞ ከወረዳ የመጡ ባለሥልጣን እንዲያደርጉ ታስቦ ነበር፤ አፋፉ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩና «ዕድሉን ለሠራተኛው» አሉ። ሁሉም ወደ ሃምሳ አለቃ ዞረ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

«ምነው? ከአውሮፕላን ጋር ኖረው ይሄን ፈሩ እንዴ?» አላቸው ሰሎሞን እየሳቀ።

«ልጄ፣ እኔ አውሮፕላን አስነሣሁ እንጂ አንድ ቀን ተሳፍሬ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው የሚጫንበት ክፍል አልደረሰኝም።»

ሳቁ ቆመ። እኔ ሄጄ ሣጥኑ ውስጥ ገባሁና እጄን ዘረጋሁላቸው። ቆባቸውን አጠበቁ፣ አማተቡ፣ ገቡ። ማዶ ያሉት ገመዱን መሳብ ጀመሩ። መሬቱ ከሥራችን ሸሸ። ወንዙ እዚያ ታች ደፍርሶ ይጮኻል፤ ደመናው ከእግራችን በታች ነው። የሃምሳ አለቃ እጅ የሣጥኑን ብረት አጥብቆ ጨብጧል። መሀል ላይ ስንደርስ ብረቱን ለቀቁ።

«አቁሙት!» ብለው ጮኹ። «ትንሽ አቁሙት!»

«አመመዎት?» አልኳቸው ደንግጬ።

«አላመመኝም» አሉ። ነፋሱ ፊታቸውን እየመታው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ እንደ ሕፃን ይስቁ ነበር። «ልየው። እስቲ ትንሽ ልየው።»

ማዶ ያሉት ገመዱን ይዘው ቆሙ። ወዲህም ያሉት ቆሙ። መምሬ አድማሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ማንም አልቸኮለም።